የበለጥሽ ሰባተኛ ዘንግ

ባለቤቴ በለጥሽ ተሳስታ አታውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ራሷ ናት። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳራችን ውስጥ "ተሳስቻለሁ" ስትል የሰማኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ያለችው በሠርጋችን ማግስት፣ እኔን እያየች ነው። ሁለተኛውን አሁን ልነግራችሁ ነው።

ጌዴዎን እባላለሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ክሊፕታውን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ስፓዛ ሱቅ አለን። ውስጥ ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማ፣ የሞባይል ካርድ፤ ደጅ ደግሞ ድንችና ሽንኩርት እንሸጣለን። ደንበኛ ሁሉ እኔን "ማይ ፍሬንድ" እያለ ነው የሚጠራኝ፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስሜን የጠየቀኝ ሰው ቢበዛ ሦስት ቢሆን ነው። እሷን ግን የሰፈሩ ሕፃን እንኳ "ማማ በሌ" ይላታል። እኔ ከብረት ፍርግርጉ ውስጥ ተቀምጬ እሸጣለሁ፤ እሷ ከፍርግርጉ ውጭ ቆማ ሰው ታስታርቃለች። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጥረጊያዋን እንደያዘች መሃላቸው ትገባለች። ዙሉኛዋ ሰዋስው የሚባል ነገር አልደረሰበትም፤ ድምፅ ግን አለው፣ ሰውም ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪም ናት። ስትጸልይ ጎረቤት ሬዲዮውን ይዘጋል፤ ቢከፍተውም አይሰማማ! ችግሯ አንድ ነው፤ ሰይጣንን የትም ታየዋለች። እዚህ አገር እንደመጣን አንድ ሰውዬ ደጁ ሣር ላይ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ደርድሮ አየች። "ይህ የጠንቋይ ሥራ ነው" ብላ በኢየሱስ ስም ገሥጻ አንድ በአንድ ደፋቻቸው። ለካ ሰውዬው የደረደራቸው የጎረቤት ውሻ ሣሩ ላይ እንዳይጸዳዳበት ኖሯል። በማግስቱ ውሻው ምን እንዳደረገ አልነግራችሁም። በለጥሽን ስጠይቃት "ጸሎት አይባክንም" አለችኝ፣ በቃ።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ልጃችን ፊቤ መጠመቅ እፈልጋለሁ ያለች ቀን ነው። ፊቤ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ነርስነት የምትማር የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያናችን የሚያጠምቀው ግቢው ውስጥ በሚነፋ የፕላስቲክ ገንዳ ነው። በለጥሽ ስትሰማ ወገቧን ያዘች።

"የእኔ ልጅ የሕፃናት መንቦጫረቂያ ውስጥ አትጠመቅም! ባሕር እያለ?"

"ማሚ፣ ባሕሩ እኮ ስምንት ሰዓት ይርቃል" አለች ፊቤ።

"እሥራኤል አርባ ዓመት ሄዷል።"

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። የምንሄድበትን ቦታ የጠቆሙን ጎጎ ቶኮዚሌ ናቸው። ጎጎ እዚህ አገር አያት ማለት ነው፤ እኚህ ጎጎ ደግሞ በየማለዳው ግማሽ ዳቦና ሁለት እንቁላል የሚገዙን፣ በለጥሽ ታማ በተኛች ጊዜ ሾርባ ይዘው የመጡ የሰፈራችን እናት ናቸው። የተወለዱት ባሕር ዳር ነው። "ደርባን በዲሴምበር ሰው በሰው ነው፤ ወደ እኅቴ አገር ሂዱ። ጸጥ ያለ ነው። እኅቴ ሲዛኒ ትቀበላችኋለች" አሉን። ቀጥለው ጣታቸውን አነሡ። "አንድ ነገር ብቻ። ከድንጋዩ ላይ ምንም እንዳትወስዱ።"

የቦታውን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ በሚቀጥለው ዲሴምበር በሦስት ታክሲ ተጭናችሁ ትሄዱና ማማ ሲዛኒ እኔን ነው የሚይዙኝ። ከደርባን ወደ ደቡብ ነው፣ ይበቃችኋል። መንግሥት የሚጠብቀው የባሕር ክልል አለ፤ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎበታል፣ ዩኒፎርም የለበሰ ዘበኛ ይዞርበታል። ይኼኛው ግን ከሰሌዳው ወዲህ ስለሆነ ሰሌዳም ዘበኛም የለውም። እኛም ባለቤት የሌለው ቦታ መስሎን ነበር።

ማማ ሲዛኒ በማለዳ ተቀብለውን፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች አብልተውን፣ ለቅሶ ቤት ስላለባቸው ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ባሕሩ ዳር ረጅም ጥቁር ድንጋይ ወደ ውሃው ገብቶ ተኝቷል። ድንጋዩ ላይ እምባዛ የሚሏት ጥቁር ቅርፊት ያላት የባሕር እንስሳ ጥቅጥቅ ብላ ተጣብቃለች፤ ውሃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች እየለቀሙ ቀቅለው ይበሏታል። በድንጋዩ ትይዩ፣ አሸዋው ላይ፣ ሰባት ዘንጎች ተራርቀው ቆመዋል። የሰው ቁመት ያክላሉ፣ ከላይ እስከ ታች በቢላዋ ተጫጭረዋል፣ የአንዱ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። አየኋቸው፣ አለፍኳቸው። በለጥሽም አየቻቸው፤ እሷ ግን አላለፈቻቸውም፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

የሚያጠምቀው ወንጌላዊ ዱባለ ነው። ዱባለ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ቁመቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ዋና ግን አይችልም። ተጠማቂዎቹን ያዝኩ ይበል እንጂ በእውነቱ እነሱ ናቸው እሱን የያዙት። ከቤተ ክርስቲያናችን አብረውን ከመጡት ተጠማቂዎች አራቱ በሰላም ተጠመቁ፣ እልል አልን። የፊቤ ተራ ደርሶ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ እግሯን ውሃ ውስጥ እንዳስገባች አንድ ማዕበል መጣና ወንጌላዊ ዱባለን ጠቅልሎ ወሰደው። ሁለት ወንዶች ገብተን ጎትተን አወጣነው። አፉ አሸዋ ሞልቶ "የቀረው... በሌላ ጊዜ" አለ። መልሶ እዚያ ውሃ ውስጥ የሚያስገባው ኃይል አልነበረም።

ልጄ ደረቅ ቀሚሷን እንደለበሰች ቀረች። "ኖ ስትረስ ማሚ" ብላ ፈገግ አለች፤ እኔ አባቷ ግን ፈገግታውን አውቀዋለሁ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በለጥሽ ልጇን አየች፣ ማዕበሉን አየች፣ ቀጥላ ዘንጎቹን አየች።

"ገባኝ!" አለች።

በለጥሽ "ገባኝ" ስትል ሸሹ። "ሰባት! ቀይ ጨርቅ! ደግሞ የተቦጫጨረ! ለማን እንደተተከለ ዕውር ያየዋል። የልጄን ጥምቀት የያዘው ይኸው!"

"ማሚ ፕሊስ፣ የሰው ነገር ነው። ቢያንስ እንጠይቅ" አለች ፊቤ እጇን ይዛ።

"ሰይጣንን ፈቃድ አልጠይቅም!"

"ጎጎ ምንም አትንኩ ብለውናል እኮ።"

"ከድንጋዩ ላይ ነው ያሉት። ይኼ አሸዋ ላይ ነው።"

ነቀለቻቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ሰባቱንም። እያንዳንዱ ሲነቀል እኛ አሜን እንላለን። ከሁሉ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በእምነት አይደለም፣ ርቦኝ ስለነበር ቶሎ እንድንሄድ ነው። እዚያው ልታቃጥላቸው ፈለገች፤ እንጨቱ የባሕር ውሃ ጠጥቶ እሳት እንቢ አለ። ስለዚህ ታክሲው ውስጥ ከወንበሮቹ ሥር አጋድመን ጆሃንስበርግ ድረስ ይዘናቸው መጣን። ለማማ ሲዛኒ አንድ ኬሻ ስኳር ደጃቸው ላይ ትተንላቸዋል። ጨዋዎች ነን እኮ!

በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቀን ጎረቤት ሥጋ የሚጠብስበትን ግማሽ በርሜል ተዋስን። ከሰባቱ ቀጭኑ ዘንግ ደርቆ ስለነበር በሩብ ሰዓት አመድ ሆነ። ስድስቱ ግን ከመጨስ በቀር አልነደዱም። "ቆይ ይድረቁ" አለች በለጥሽ፣ ከሱቁ ጀርባ አቆመቻቸው። በዚያው ሳምንት ንፋስ መጥቶ የድንችና የሽንኩርቱን ጥላ ገነጣጠለው። እኔ ደግሞ ስድስት ጥሩ እንጨት ከጀርባዬ ቆሞ እያለ እንጨት ፍለጋ የምዞር ሰው አይደለሁም።

"ሰይጣኑ ወጥቶላቸዋል?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ተጸልዮባቸዋል፣ ወጥቷል።"

"እንግዲያው ጥላ ይያዙ" አልኩና ተከልኳቸው። ቀዩንም ጨርቅ አጥቤ የባንኮኒ መወልወያ አደረግሁት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር፣ ምን አባቴ ላድርግ!

በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ጠዋት ጎጎ ቶኮዚሌ እንደ ልማዳቸው መጡ። "ሳውቦና ማይ ፍሬንድ" አሉ፣ "ዬቦ ጎጎ" አልኩ፣ ዳቦውን ልቆርጥ ዞርኩ። ስመለስ ፍርግርጉ ጋ የሉም። ከጥላው ሥር ቆመው አንዱን እንጨት በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። እየዳሰሱ ወደ ላይ ወጡ፣ መልሰው ወደ ታች ወረዱ።

"ሃይቦ" አሉ ተገርመው፣ ቀስ ብለው። "ማይ ፍሬንድ፣ ይህን የእናቴን እጅ ከየት አመጣኸው?"

ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ቀለማቸው ጠፍቷል። የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ አስቀመጥኳቸው። በለጥሽም መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። ጎጎ ጭረቶቹን እያሳዩ ነገሩን። ድንጋዩ በሰባት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዘንግ አለው። ጨርቅ የታሰረበት ክፍል ዕረፍት ላይ ነው፣ ጨርቁ እስኪፈታ ማንም አይለቅምበትም፤ እምባዛዋ ታድጋለች፣ ትራባለች፣ ዓሣውም ልጁን እዚያ ያሳድጋል። በዓመቱ በጃንዋሪ፣ ውሃው በጣም በሚሸሽበት ቀን፣ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ። ዓመቱን ሙሉ ሕጉ ያልተጣሰበት ክፍል ዘንጉ ላይ አንድ ጭረት ይጨመርለታል።

"ይቺ ወደ ግራ ያጋደለችው የእናቴ ናት፣ ግራኝ ነበረች" አሉ ጎጎ። "ይቺ ቀጥ ያለችው የእኅቴ ናት። መጽሐፍ የለንም፣ ሰሌዳ የለንም። መዝገባችን ይኸው ነው።"

"ጥንቆላ... አይደለም?" አለች በለጥሽ፣ ድምፅዋ እንደዚያ ቀን አንሶ ሰምቼው አላውቅም።

"የምን ጥንቆላ? የዓመት ቁጥር እኮ ነው! ቁጠሪው።"

ቆጠረች። ሠላሳ አራት። ቀጣዩን ቆጠረች። ሃያ ዘጠኝ።

ጎጎ የቀረውንም ነገሩን። መንግሥት ያላጠረውን፣ ነገር ግን ነዋሪው ራሱ ጠብቆ ያቆየውን የባሕር ዳርቻ የሚመዘግቡ ሰዎች በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ወደ ማማ ሲዛኒ ይመጣሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ስንት ዓመት ጠበቃችሁት? በምን እናውቃለን?" የሚል ነው። ድንጋዩ ካልተመዘገበ ባዶ ቦታ ነው ተብሎ ይቀራል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ዘንጎቹ ከጠፉ ወዲህ ከሌላ አካባቢ በባኪ፣ ማለትም በፒክአፕ መኪና፣ የሚመጡ ሰዎች "ምልክት የለም" እያሉ አንዱን ክፍል በአካፋ መላጥ ጀምረዋል።

"እኅቴ በገና ማግስት እያለቀሰች ደወለችልኝ። 'ነጭ የለበሱት እንግዶችሽ ከሄዱ ወዲህ ዘንጎቹ የሉም፤ እንግዶችሽ ስለሆኑ ልጠይቃቸው አፈርኩ' አለችኝ። እኔ ምን አልኳት?" ጎጎ ቀና ብለው በለጥሽን አዩዋት። "'የጸሎት ሰዎች ናቸው፣ የሰው ነገር አይነኩም' አልኳት።"

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጄ ላይ ቀዩ ጨርቅ አለ፣ ባንኮኒ ስወለውልበት የነበረው፤ ከኋላዬ ደበቅሁት፣ እንደ ሌባ። በለጥሽ መጥረጊያዋን ጣለችና ከሱቁ ጀርባ ሄደች። ብዙ ቆየች። ሄጄ ሳያት በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ አመዱን በጣቷ ትነካካለች።

"የፊቤ አባት፣ ደገምኩት" አለችኝ።

ምኑን እንደሆነ ገባኝ። ዱራሜ አካባቢ፣ በተወለደችበት ቀበሌ፣ ከምንጭ በላይ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ሰዎች ግንዱን ቅቤ ይቀቡት ነበርና አማኞች በረቱ ጊዜ ተሰብስበው ቆረጡት፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ በለጥሽ ከመዘምራኑ ፊት ቆማ እልል ብላለች። አባቷም አማኝ ናቸው፣ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። "ቀቢውን ተው በሉት እንጂ ዛፉ ምን አደረገ?" አሉ። ያን ጊዜ ሰሚ አላገኙም። ምንጩ ከዚያ በኋላ እየቀጠነ ሄደ፤ በለጥሽ እስክታገባ ድረስ ውሃ የቀዳችው ከሌላ ሰፈር ነው።

"ያኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን ምን ልበል? ፊቤ እንጠይቅ እያለችኝ!" አለችና አለቀሰች። ቀጥላ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፣ ተነሣች። "ተሳስቻለሁ" አለች። "ጥላውን አፍርስ። እንሄዳለን።"

የወር መጨረሻ ዓርብ ስፓዛ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ክሊፕታውን ያልነገደ ሰው አይገባውም። ደሞዝ የሚወጣበት፣ ወሩን ሙሉ የምንጠብቀው ቀን ነው። በለጥሽ ግን "ባሕር ሄደናል" የሚል ካርቶን በሩ ላይ ለጠፈች። ወንጌላዊ ዱባለን "አንተ ቅር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብትለው "እኔም አሜን ብያለሁ" ብሎ ባኪያችን ላይ ወጣ። ማለዳ ተነሣን። ጎጎ ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ እኔ ነዳሁ፤ ከኋላ ፊቤና ዱባለ በለጥሽን መሃል አድርገው ተጨናንቀዋል። ስድስቱ ዘንጎች ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከኋላው መጫኛ ላይ ታስረዋል። ቀዩንም ጨርቅ በለጥሽ ሁለት ጊዜ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ በጉያዋ ይዛዋለች። የተተኮሰ መወልወያ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። መንገዱን ሙሉ በዙሉኛ የምትናገረውን እያጠናች ጎጎ ያርሟታል፤ መንገድ አጋማሽ ላይ ያለችው ሃሪስሚዝ ከተማ ስንደርስ እኔ ራሴ በቃሌ ይዤው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ሸሽቶ ድንጋዩ ገላውን አውጥቶ ተኝቷል። አንደኛው ጥግ ተልጦ ነጭቷል፤ በአካፋ የተላጠው እሱ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ሻርፓቸውን ጣል አድርገው አሸዋው ላይ ቆመዋል። መዝጋቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ደብተር የያዘች ወጣት ሴት ናት። ማማ ሲዛኒ ከሁሉ ፊት ቆመዋል፣ አጭር ወፍራም ሴትዮ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ሰላምታችንን ተቀበሉ፣ አልሳቁም።

ዘንጎቹን አንድ በአንድ አሸዋው ላይ አጋደምናቸው። ማማ ሲዛኒ እያዩ ቆጠሩ። ስድስት ላይ ቆሙ።

"ሰባተኛውስ?" አሉ።

ዱባለ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሊረዳት ነው። በለጥሽ በእጇ አስቆመችው። መንገዱን ሙሉ ያጠናችው ሁሉ ጠፍቶባት፣ ባላት በዚያ ሰዋስው አልባ ዙሉኛዋ፣ ያለ መጥረጊያ፣ እንዲህ አለች፦ "እኔ ነቀልኩ። ባሏ አይደለም፣ ፓስተር አይደለም፣ እኔ። የሰይጣን መሰለኝ። አልጠየቅሁም። ሰባተኛውን አቃጠልኩ። እኔ አፍራለሁ።"

"ባሌ" ለማለት ነው "ባሏ" ያለችው፤ ማንም አላረማትም። ሴቶቹ እርስ በርስ አንሾካሾኩ። ሰባተኛው ሃያ ስድስት ጭረት የነበረው መሆኑን ያኔ ነው የሰማነው፤ ከፊቤ ዕድሜ ይበልጣል። ደብተር የያዘችው ልጅ ግራ ገብቷት "ማማ፣ ሰባተኛውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፣ ሃያ ስድስት ብዬ ልጻፍ?" አለች።

ማማ ሲዛኒ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዘንግ የሌለው ዓመት የለውም። ስድስቱን ባየሽው ቁጥር ጻፊ። ሰባተኛውን ዜሮ በይ። ውሸት ጨምረን ከምንመዘገብ ሳንመዘገብ ብንቀር ይሻላል።"

ዜሮ ሲባል በለጥሽ ዓይኗን ጨፈነች። ማማ ሲዛኒ ወደ አንዷ ሴት ዞረው ምልክት ሰጡ። አዲስ የተላጠ ዘንግ መጣ፤ እርጥብ ነው፣ አንድም ጭረት የለበትም። በለጥሽ እጅ ላይ አስቀመጡት።

"የነቀልሽበት ትተክዪዋለሽ። በሚቀጥለው ጃንዋሪ ራስሽ መጥተሽ የመጀመሪያውን ትጭሪያለሽ። ካልመጣሽ ባዶውን ይቆማል፤ የሚያይ ሁሉ ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ እኛም እንነግረዋለን።"

በለጥሽ ተንበርክካ በእጇ አሸዋውን ቆፈረች። እጇ እስከ ክርኗ እስኪገባ ቆፈረች። ዘንጉን ተክላ፣ አጥብቃ፣ ቀዩን ጨርቅ አሰረችበት። ያን ጊዜ ነው ማማ ሲዛኒ ጨርቁን ጠጋ ብለው አይተው "ተኩሰሽዋል እንዴ?" ያሉት። "ዬቦ" ብላ አመነች በለጥሽ። ሴትዮዋ ሳቁ። ሳቃቸው ሆዳቸውን ይዞ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነው፤ ሃያዎቹም ሴቶች ተከተሏቸው። የተተኮሰ ጨርቅ ለእምባዛ! እኔም ሳቅሁ፤ ፈራ ተባ እያልኩ።

ዱባለ ዕድሉን አይቶ ጠጋ አለ። "ማማ፣ ይህች ልጃችን... ያን ጊዜ ሳትጠመቅ ቀርታለች። ቢፈቀድልን..."

"ጠይቃችኋል፤ ተፈቅዷል" አሉ ማማ ሲዛኒ።

ፊቤ ከአዲሱ ዘንግ ትይዩ ውሃው ውስጥ ገባች። ዱባለ ትንሽ ማዕበል ባየ ቁጥር ይሸበር ጀመር፤ በመጨረሻ ሁለት የመንደሩ ሴቶች ገብተው ከግራና ከቀኝ ክንዱን ያዙት። ልጄ ጠልቃ ወጣች፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ እየሳቀች። ሴቶቹ በራሳቸው እልልታ፣ እኛ በእኛ እልልታ አጀብናት። አለቀስኩ፣ አዎ። ጨዋማ ነፋስ ነው አልልም።

በኦገስት ጎጎ ቶኮዚሌ ስልካቸውን ይዘው ሱቅ መጡ። ደብዳቤው ደርሷል፤ ድንጋዩ ተመዝግቧል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ጠብቀው ያቆዩት ተብሎ፣ ሰባቱም ክፍል ከነዓመቱ ተዘርዝሯል። ሰባተኛው መስመር ላይ "ዜሮ" ይላል። እኔ ለበለጥሽ፣ ደብዳቤውን አሳትመን፣ ያቺን መስመር አጥፈን እንለጥፈው አልኳት። "ሳታጥፍ ለጥፍ" አለችኝ። እነሆ ከዳቦው ዋጋ አጠገብ ተለጥፏል፤ ደንበኛ ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀ ራሷ ትነግራለች፣ ዳቦውን ይዞ እስኪያዛጋ ድረስ።

ደግሞ ጸባይዋ ተለወጠ እንዳትሉ። ሰይጣንን ዛሬም ታየዋለች፤ አሁን ግን በመጀመሪያ ባለቤቱን ትጠይቃለች። ባለፈው ወር የጎረቤት አጥር ላይ የተንጠለጠለ የበሬ ቀንድ አይታ በሩን አንኳኳች። "ይቅርታ፣ ይህ ምንድን ነው?" አለች። ሰውዬው የእግር ኳስ ክለቡ ምልክት ነው አላት። "ይባረክ" ብላ ተመለሰች፤ እኔ በሣቅ ልሞት ነበር።

ዘንድሮ በጃንዋሪ እንደገና ሱቁን ዘግተን ሄድን። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ አልተነካም። ማማ ሲዛኒ ቢላዋ ሰጧት። በለጥሽ የምትጭርበትን ቦታ እየመረጠች ብዙ ቆየች፤ "ሱቅ የምንገዛ ነው የሚመስለው፣ ጨርሺ እንጂ!" ብላት ገላመጠችኝ። ከዚያ ጫረች። ጭረቷ ጠማማ ናት፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያላለች። አቧራውን እፍ ብላ አውራ ጣቷን አስገባችባት።

"አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አለች፣ ለማንም አይደለም። "ሃያ ስድስት ሲሞላ ሰባ አራት እሆናለሁ። በሩብ ሰዓት ያቃጠልኩትን እኮ ነው።"

ፊቤ ከኋላዋ አቀፈቻት። "መምጣት ሲያቅትሽ እኔ እመጣለሁ ማሚ።"

"ለምን ያቅተኛል?" ብላ ተቆጣች በለጥሽ፣ ቢላዋውን ግን ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችው። "ያዢው እስቲ። እንዴት እንደሚያዝ ልመጂ።"

ሃያ አምስት ይቀራል።